ማየት ማወቅ ነውን?

ሁለት ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ስለ አንድ ሰው፣ እርሱ ራሱ ገና ያልሰማውን ነገር ብታውቁ፣ ነገሩም የሕይወቱ ጉዳይ ቢሆን፣ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን ከማሰባችሁ በፊት ደግሞ ሌላው ጥያቄ ይቀድማል፤ በእርግጥ አውቃችኋል ወይስ ያወቃችሁ መስሏችኋል?

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ይባላል። ሰው ስለ ራሱ ከሰው ሁሉ በኋላ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ይህ የቆየ ነገር ነው። ዘመናችን ግን ለዚህ የቆየ ነገር አዲስ መልክ ሰጥቶታል። ዛሬ አንድ መሣሪያ የሰውን ራስ ቅል ሳይከፍት በአንጎሉ ውስጥ ያደገውን ዕጢ ከማሳየት አልፎ፣ ስለ ዕጢው ዘረመል ጭምር መናገር ጀምሯል። ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብለን ስናየው ግን እኔንም እናንተንም በየቀኑ የሚገጥመንን ጥያቄ ይዞ እናገኘዋለን፤ ምልክት አይቶ ስለ ሰው መናገር የሚቻለው እስከ ምን ድረስ ነው?

የተዘጋው ክፍል

ከሰውነታችን ክፍሎች እንደ አንጎል የተዘጋ የለም። ሆድ ይዳሰሳል፤ ልብና ሳንባ በጆሮ ይደመጣሉ። አንጎል ግን በአጥንት ተከድኖ ተቀምጧል። ለብዙ ዘመን ሐኪም በውስጡ ያለውን የሚገምተው ወደ ውጭ ከወጣው ነገር ነበር፤ ከማይለቅ ራስ ምታት፣ ከማንዘፍዘፍ፣ ከእጅ መዛል፣ ከአንደበት መተሳሰር። እ.ኤ.አ. በ1895 የተገኘው ራጅ አጥንቱን አሳየ፤ ለስላሳውን አንጎል ግን አላሳየም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ፖል ላውተርበር የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ምስል ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒተር ማንስፊልድ ደግሞ ምስሉ ፈጥኖና ጠርቶ የሚወጣበትን መንገድ አበጀ። ሁለቱም በ2003 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ ኤም አር አይ የምንለው መሣሪያ ከዚህ ሥራ የመጣ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንየው፤ ለኋላው ነገራችን ያስፈልገናል። አብዛኛው ሰውነታችን ውኃ ነው፤ በውኃ ውስጥ ሃይድሮጂን አለ። የሃይድሮጂን አቶም እምብርት እንደ ደቃቅ ማግኔት ነው። ሰውየው በትልቁ ማግኔት ውስጥ ሲተኛ፣ ከእነዚህ ደቃቅ ማግኔቶች ጥቂቶቹ ከታላቁ ጋር ይሰለፋሉ። በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው ባለ 3 ቴስላ መሣሪያ ከምድራችን ማግኔታዊ ኃይል ወደ 60,000 እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ የሬዲዮ ሞገድ ይላክና ሰልፉን ያናጋዋል። ሞገዱ ሲቆም ወደ ሰልፋቸው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱም ደካማ ምልክት ያሰማሉ። በጤነኛው ሥጋ፣ በዕጢውና በተጠራቀመው ፈሳሽ ውስጥ የሚመለሱበት ፍጥነት ይለያያል። ኮምፒውተሩ ይህን ልዩነት አስልቶ ጥቁርና ነጭ ምስል ያደርገዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኤም አር አይ እንደ ካሜራ ያለ ነገር አይደለም። ጥያቄ ይልካል፣ መልስ ያዳምጣል፣ የሰማውን ያሰላል። “ምስል” ብለን የምንጠራው የመልሱን ትርጓሜ ነው።

አንዲት ፊደል ስትለወጥ

ከአንጎል ዕጢዎች መካከል ግሊዮማ የሚባሉት የነርቭ ሕዋሳትን ከሚደግፉት ሕዋሳት ዓይነት የሚነሡ ናቸው። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ እነዚህን ዕጢዎች የሚለዩአቸው በማይክሮስኮፕ በሚታየው መልካቸው ነበር። ነገር ግን በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ዕጢዎች በጠባይ የሚለያዩበት ጊዜ ብዙ ነበር። አንዱ ሰው ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ሌላው ዓመት ሳይሞላው ያርፋል። ለምን?

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ የምላሹን አንድ ክፍል አመጣ። በአንዳንዶቹ ዕጢዎች ውስጥ አይ ዲ ኤች 1 በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ተገኘ። ብዙውን ጊዜ ለውጡ የአንዲት ፊደል ለውጥ ነው። ከዚያች ፊደል የተነሣ ዘረመሉ በሚያሠራው ኢንዛይም ውስጥ 132ኛው ቦታ ላይ መኖር የነበረበት አሚኖ አሲድ በሌላ ይተካል። የተለወጠው ኢንዛይም ደግሞ የራሱን ሥራ ትቶ ሌላ ነገር መሥራት ይጀምራል፤ በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ እጅግ በጥቂቱ ብቻ የሚገኘውን 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት የሚባል ኬሚካል እያመረተ ያከማቻል። ይህ በ2009 ታወቀ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ ግሊዮብላስቶማ ከተባለው ክፉ ዕጢ ጋር ከነበሩት ሕሙማን ለውጡ ያለባቸው አማካይ ዕድሜ 31 ወር ሲሆን፣ ለውጡ የሌለባቸው ግን 15 ወር ነበር። ማይክሮስኮፕ ያልለየውን አንዲት ፊደል ለየችው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ተመራማሪዎች አሰቡ፤ የተለወጠው ዘረመል ይህን ኬሚካል የሚያከማች ከሆነ፣ ዘረመሉን ባናይ እንኳ ኬሚካሉን ከውጭ ልንሰማው አንችልምን? ኤም አር አይ የውኃን ምልክት ብቻ ሳይሆን፣ ስፔክትሮስኮፒ በተባለ ዘዴ የሌሎች ኬሚካሎችንም ምልክት ማዳመጥ ይችላል። በመዘምራን መካከል የቆመ ጆሮው የሠለጠነ ሰው የእያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ እንደሚሰማ ማለት ነው። ችግሩ የ2-ሃይድሮክሲግሉታሬት ድምፅ በአንጎል ውስጥ በብዛት ካሉት ከግሉታሜትና ከግሉታሚን ድምፅ ጋር መቀላቀሉ ነው፤ የወንድማማች ድምፅ እንደሚመሳሰል ይመሳሰላል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2012 በዳላስና በቦስተን የሚገኙ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በየራሳቸው መንገድ ድምፁን ለይተው መስማት እንደሚቻል አሳዩ። ከራስ ቅል ውጭ የተቀመጠ መሣሪያ በውስጡ ስላለች አንዲት የተለወጠች ፊደል ወሬ አመጣ።

ይህ ዕውቀት ለዕውቀትነቱ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016፣ ከዚያም በይበልጥ በ2021 ባወጣው አመዳደብ፣ የግሊዮማ ስም የሚወሰነው በመልኩ ብቻ ሳይሆን በዘረመሉ ጭምር ሆኗል። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቮራሲዴኒብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የተለወጠውን ኢንዛይም የሚገታ ነው። በጥናቱ መድኃኒቱን የወሰዱት ሕሙማን ዕጢያቸው ሳይገፋ የቆየበት ጊዜ በአማካይ 27.7 ወር ሲሆን፣ ያልወሰዱት 11.1 ወር ነበር። እንግዲህ ዕጢው የየትኛው ወገን እንደ ሆነ ማወቅ ለሕመምተኛው ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

ሦስት ዓይነት ምልክት

እዚህ ላይ ቆም እንበል። መሣሪያው “አየ” የምንለው ሁሉ አንድ ዓይነት ማየት አይደለም። ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ከመንስኤው ጋር የተሳሰረ ምልክት ነው። 2-ሃይድሮክሲግሉታሬት የተከማቸው ኢንዛይሙ ስለ ተለወጠ ነው። ጢስና እሳት እንደሚያያዙ ይያያዛሉ። ይህም ቢሆን ገደብ አለው። ዕጢው ትንሽ ከሆነ፣ ወይም የዕጢ ሕዋሳቱ ከጤነኛው ሥጋ መካከል ተበትነው ከሆነ፣ ድምፁ ሊሰማ አይችልም። አልሰማሁም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያቱ በሙሉ ሳይገለጥ አብሮ የሚገኝ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። በኤም አር አይ ሁለት የተለያዩ የአነሣሥ ዓይነቶች ላይ፣ ማለትም በአንዱ ነጭ ሆኖ በሁለተኛው ግን መካከሉ የሚጠቁር ዕጢ፣ በአዋቂዎች ዘንድ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የአይ ዲ ኤች ለውጥ ያለበት አስትሮሳይቶማ የሚባል ሆኖ ተገኘ። ድንቅ ምልክት ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ተመሳሳይ ዕጢዎች ይህን ምልክት አያሳዩም። በኋላም በሕፃናት ላይ ከተለየ ዕጢ የመጣ ተመሳሳይ ምልክት መታየቱ ተዘገበ። በአዋቂ ላይ እውነት የሚናገረው ምልክት በልጅ ላይ ሊያስት ይችላል።

ሦስተኛው ምልክት ነው ተብሎ የሚታሰብ፣ ግን ገና ያልተረጋገጠ ነው። ኤም ጂ ኤም ቲ የተባለ ዘረመል አለ፤ መዘጋቱ ወይም መከፈቱ ቴሞዞሎማይድ የተባለው መድኃኒት ለግሊዮብላስቶማ ሕመምተኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይጠቁማል። በ2021 ይህን ከኤም አር አይ ምስል ብቻ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መለየት ይቻል እንደ ሆነ ዓለም አቀፍ ውድድር ተደረገ፤ ከሺህ በላይ ቡድኖች ተሳተፉ። 1 ፍጹም ትክክል፣ 0.5 ደግሞ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት የማይሻል በሆነበት መለኪያ አሸናፊው ያገኘው 0.62 ገደማ ነበር። ያ ሁሉ ብልሃት፣ ያ ሁሉ ኮምፒውተር ተሰልፎ ከሳንቲም ብዙም አልራቀም። ይህ ውጤት ለተወዳዳሪዎቹ ውርደት አይደለም፤ እንዲያውም ውድድሩ በግልጽ መደረጉ፣ ውጤቱም ለሁሉ መታየቱ የሳይንስ ትልቅ ባሕርይ ነው። ከዚያ በፊት ከፍ ያለ ውጤት አገኘን ያሉ ጽሑፎች ነበሩ፤ ውድድሩ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የሠራ ነገር በብዙዎች ላይ ላይሠራ እንደሚችል አሳየ።

እንግዲህ ሦስቱም ምልክቶች በአንድ ማያ ገጽ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ጥቁርና ነጭ ይቀርባሉ። ለዓይን እኩል ያማሩ ናቸው። ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ታማኝነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የምናውቀውን ነገር ብቻ ሳይሆን፣ በምን ያህል ክብደት እንደምናውቀው አብሮ መናገር። ቋንቋችን ለዚህ የሚሆን ቃል አልነፈገንም። “ነው” አለን፤ “ሳይሆን አይቀርም” አለን፤ “ይመስለኛል” አለን፤ “ይባላል” አለን። በአራቱ መካከል ያለው ርቀት የሥነ ምግባር ርቀት ነው። “ይባላል” የነበረውን “ነው” ብሎ የሚያስተላልፍ ሰው፣ ነገሩ በአጋጣሚ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ የሌለውን ዋስትና ሰጥቷል።

“ሕመምተኛ እኮ እርግጠኛ ነገር ይፈልጋል፤ ‘ሳይሆን አይቀርም’ እያሉ ማንጠልጠል ጭካኔ አይደለምን?” ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ከባድ ነው። በእርግጥም ሰውን በ“ምናልባት” ጥሎ መሄድ ጭካኔ ነው። መድኃኒቱ ግን የሌለንን እርግጠኝነት መሸጥ አይደለም፤ “ምናልባት” በሚለው ቦታ ላይ አብሮ መቆየት ነው። “ይህን እናውቃለን፤ ይህን ገና አናውቅም፤ እስክናውቅ ድረስ የምናደርገው ይህ ነው” የሚል ሐኪም ሕመምተኛውን አላንጠለጠለም፤ መቆሚያ ሰጠው።

ሳይረጋገጥ ማድረግ መቼ ይገባል?

ዛሬም የመጨረሻው ዳኛ ናሙናው ነው። ሐኪሙ ከዕጢው ቁራጭ ወስዶ በቤተ ሙከራ ያስመረምራል። ይህ ግን በአንጎል ላይ ቀላል ነገር አይደለም፤ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል፤ ዕጢው ንግግርን ወይም መተንፈስን በሚገዛ ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ታዲያ የምስሉን “ሳይሆን አይቀርም” ተቀብሎ ሕክምና መጀመር ይገባል ወይስ አይገባም?

በዚህ ላይ የሚያስተምር እውነተኛ ታሪክ አለ። በሕፃናት ላይ የሚነሣ፣ በአንጎል ግንድ ውስጥ የሚሰራጭ አንድ ክፉ ዕጢ አለ። አብዛኞቹ ልጆች ከታወቀባቸው በኋላ አንድ ዓመት እንኳ አይቆዩም። ኤም አር አይ ከመጣ በኋላ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ይህን ዕጢ ያለ ናሙና፣ በምስሉ ብቻ ይለዩት ነበር። ምክንያታቸው ርኅራኄ ነበር፤ ምስሉ ግልጽ ከሆነ፣ ናሙናውም ሕክምናውን የማይለውጥ ከሆነ፣ ልጁን ለምን ለአደጋ እናጋልጣለን? መልካም ምክንያት ነው። ነገር ግን ርኅራኄው ዋጋ ነበረው፤ ሥጋው ስላልታየ የዕጢው መንስኤ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቀረ። በ2012 እ.ኤ.አ. በሽታውን የሚያስነሣው አንድ የዘረመል ለውጥ ሲገኝ፣ ከተመረመሩት ናሙናዎች ብዙዎቹ ከሞቱ ልጆች፣ በወላጆቻቸው ፈቃድ የተወሰዱ ነበሩ። የልጃቸውን አስከሬን እያለቀሱ፣ ለማያውቁት ልጅ ብለው የፈቀዱ ወላጆች ናቸው። ዛሬ ስለዚህ በሽታ በመጽሐፍ የምናነበው ብዙ ነገር የእነርሱ ስጦታ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ መመዘኛ ማውጣት የምንችል ይመስለኛል። ስህተቱ የሚመለስ ከሆነ ያነሰ ማስረጃ ይበቃል፤ ስህተቱ የማይመለስ ከሆነ የበለጠ ማስረጃ ያስፈልጋል። ምስሉን አይቶ “ከሦስት ወር በኋላ ደግመን እንይ” ማለትና ምስሉን አይቶ አንጎልን በጨረር መምታት አንድ ዓይነት ማስረጃ አይጠይቁም። ሁለተኛ፣ የስህተቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከተሳሳትን የሚጎዳው ተመራማሪው ሳይሆን ሕመምተኛው ከሆነ፣ በስንት “ምናልባት” ላይ እንደሚሄድ የመምረጥ መብቱ የሕመምተኛው ነው። ይህንንም ለመምረጥ ማወቅ አለበት። ይህ ወደ ጀመርንበት ጥያቄ ይመልሰናል።

የታወቀው ለማን ነው?

በእኛ ቤት የታወቀ ነገር አለ። የምርመራ ውጤት ሲመጣ ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ሐኪሙን ለብቻው ይዞ፣ “እባክዎ ለእርሱ አይንገሩት” ይላል። ሕመምተኛው አልጋው ላይ ተቀምጦ የሰዎችን ፊት ያነብባል። ጎረቤት ያውቃል፤ ዕድሩ ያውቃል፤ በዋሽንግተን ያለችው እኅት በስልክ ሰምታ ታለቅሳለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆነ።

ይህን ልማድ እንዲሁ በኋላ ቀርነት የሚከስሱ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። የሚሸሽጉት ስለሚወዱት ነው፤ ተስፋው እንዳይሰበር ፈርተው ነው። ደግሞም ባህላችን ከባድ ነገርን ስለ መናገር የሚያውቀው ጥበብ አለ። መርዶን አስቡ። የሞት ወሬ ለቤተሰቡ በመንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ማልዶ፣ ደጋፊ በተዘጋጀበት ይነገራል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መርዶ ይቆያል እንጂ አይቀርም። እውነቱ ለባለቤቱ እንደሚገባ ያምናል፤ የሚጨነቀው በአነጋገሩ ነው። እንግዲህ ዘላለም መሸሸግ የባህላችን ጥበብ ነው ማለት አይቻልም። ጥበቡ ሰውን ለእውነት ማዘጋጀትና በእውነቱ ፊት ብቻውን አለመተው ነው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለውም ያው የእኛው አባባል ነው።

በአንጎል ዕጢ ላይ ደግሞ ሌላ የሚያስቸኩል ነገር አለ። ይህ በሽታ የሚያድገው ሰው በሚያስብበት፣ በሚናገርበትና በሚወስንበት አካል ውስጥ ነው። ዛሬ ሊሰማና ሊመርጥ የሚችል ሰው ከወራት በኋላ ቃል ሊያጣ ይችላል። “ጥቂት ይበርታና እንነግረዋለን” ስንል፣ ሊነገረው የሚችለው ሰው በመካከላችን እያለ ሊርቅ ይችላል። ከልጁ ጋር የሚጨርሰው ነገር ይኖረዋል፤ ሊታረቀው የሚፈልገው ሰው ይኖራል፤ ሕክምናውን እስከ የት መግፋት እንደሚፈልግ የሚለው ይኖረዋል። ዝም ባልንበት ጊዜ የምንወስድበት እነዚህን ነው። ለእርሱ ብለን ያቆየነው ዝምታ፣ ከእርሱ የወሰድነው ጊዜ ይሆናል።

ይህ ማለት ሁሉንም በአንድ ጊዜ በላዩ ማፍሰስ አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ ነው፤ “ውጤቱ ሲመጣ ሁሉን ልትሰማ ትወዳለህ ወይስ አንድ ሰው እንዲሰማልህ?” አለማወቅን የመረጠ ሰውም ምርጫው ይከበርለት። ልዩነቱ እርሱ መምረጡ ነው። ቁጥርንም በጥንቃቄ መያዝ ነው። “አማካይ ዕድሜ 15 ወር” ማለት እናንተ 15 ወር ትኖራላችሁ ማለት አይደለም። በዚህ ዓይነት አቆጣጠር አማካይ የተባለው መካከለኛው ሰው የደረሰበት ነው፤ ግማሹ ከዚያ በፊት ያርፋል፤ ግማሹ ከዚያ በኋላ ይኖራል፤ ጥቂቶች እጅግ ርቀው ይሄዳሉ። ስቲቨን ጄይ ጉልድ የተባለው የታወቀ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ በ1982 አንድ ብርቱ የሆድ ዕቃ ካንሰር ተገኘበት፤ የበሽታው አማካይ ዕድሜ ስምንት ወር ነበር። እርሱ ግን ሃያ ዓመት ኖሮ በ2002 በሌላ በሽታ አረፈ። ይህን የምነግራችሁ ሁሉ እንደ እርሱ ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ብዙዎች አይሆኑም። ቁጥር ስለ ብዙዎች ይናገራል እንጂ በፊታችን ስላለው ስለ አንዱ ሰው ፍርድ አይሰጥም ለማለት ነው።

“በዘሩ ነው” የሚለው ቃል

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። “የዕጢው ዘረመል” ሲባል በአገራችን ወዲያው የሚሰማው “በዘር የመጣ” ነው። ከዚያ ጋብቻ ይፈርሳል፤ ቤተሰብ ይታማል፤ “ምን ቢያጠፉ ነው” ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። የአይ ዲ ኤች ለውጥ ከእናት ወይም ከአባት የተወረሰ አይደለም ማለት ይቻላል፤ በሰውየው ዕድሜ ውስጥ በአንድ የአንጎል ሕዋስ ላይ ተነሥቶ በዚያ ሕዋስ ልጆች ብቻ የሚቀጥል ነው። በደሙ የለም፤ ወደ ልጆቹም አያልፍም። ዕጢው ዘረመሉን ለወጠ እንጂ ሰውየው ከተለወጠ ዘር አልተወለደም።

ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ “በማን በደል?” ብለው እንደ ጠየቁ፣ መልሱም እንዳልጠበቁት እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት በዝምታ ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር፤ የተሳሳቱት ምልክቱን አይተው ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ቁስሉን አዩ፤ ስለ ልቡ ፈረዱ። መሣሪያ አልነበራቸውም እንጂ ስህተታቸው ምስል አይቶ “ነው” ከሚለው ሰው ስህተት ጋር አንድ ነው።

እኛስ? ኤም አር አይ የለንም፤ ምልክት ማንበብ ግን የዕለት ሥራችን ነው። ልብሱን አይተን፣ ፎቶውን አይተን፣ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መቅረቱን አይተን፣ ከማን ጋር እንደ ቆመ አይተን ስለ ውስጡ እንናገራለን። አንዳንዱ ምልክት እንደ ጢስና እሳት ነው፤ አንዳንዱ በአንዱ ላይ ሠርቶ በሌላው ላይ የሚያስት ነው፤ አብዛኛው ግን ከሳንቲም ውርወራ የማይሻል ነው። በማያ ገጻችን ላይ ሁሉም እኩል ያምራል።

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ሐኪሞች ትሆናላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ምስል የሚያነብቡ ፕሮግራሞችን ትጽፋላችሁ፤ ብዙዎቻችን ደግሞ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ የአንድ ሰው ዘመድ ሆነን እንቀመጣለን። በየትኛውም ቦታ ብትሆኑ አራት ነገር ጠይቁ። ያየሁት ነገሩን ነው ወይስ ምልክቱን? የምልክቱ ክብደት ስንት ነው? ብሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ያወቅሁትስ የማን ነው?

የአራተኛው መልስ ብዙ ጊዜ አልጋው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ ሲጠይቃችሁም የምታውቁትን ያህል ንገሩት፤ ከነገራችሁት በኋላ ደግሞ ቶሎ አትነሡ።